የፈራሽው ኳንተሙን ሳይሆን ማትሪክሱን ነው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሶስተኛ አመት ኮምፒውተር ሳይንስ ነሽ፣ ኳንተም ኮምፒውቲንግ ኤሌክቲቭ ወስደሽ ግን ፊዚክስ ስለማትወጂና ሊኒየር አልጀብራ ላይ ሲ ስላለሽ ድሮፕ ላድርገው ወይ ነው ያልሽኝ። አታድርጊው!

መግቢያ ኮርስ ላይ እኮ የሽሮዲንገርን ኢኩዌሽን (የኳንተም ፊዚክሱን ዋና ቀመር) ፍቺ የሚልሽ የለም፣ ካልኩለስም እምብዛም አይነካም፤ ያለው ማትሪክስ ማባዛት፣ ኮምፕሌክስ ነምበር፣ ትንሽ ፕሮባቢሊቲ ነው። ዛሬ ማታ ወረቀት ያዢና ይሄን ስሪ። አንድ ኪውቢት፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር ቢት፣ ዜሮ ላይ ነው እንበል፣ ቬክተሩ (ቁጥሮቹ ወደ ታች የተደረደሩበት) ከላይ 1 ከታች 0። ሀዳማርድ የሚሉት ማትሪክስ የላይኛው ረድፍ 1 እና 1፣ የታችኛው 1 እና ማይነስ 1፣ ሁሉም ለስኩዌር ሩት 2 ይካፈላል። አባዢው። ላይም ታችም 1 ሲካፈል ለሩት 2 ይመጣል፣ ስኩዌር ስታደርጊው ስትለኪው ዜሮ ወይ አንድ የመምጣት ዕድሉን ይሰጥሻል፣ ግማሽ ግማሽ፣ ያው የሳንቲም ዘውድና ጎፈር በይው። አሁን ኪውቢቱን ሳትለኪው ሀዳማርድን ድገሚበት፤ ከላይ ይደመራሉ፣ ከታች አንዱ ፕላስ አንዱ ማይነስ ስለሆነ ይጠፋፋሉ፣ ተመልሰሽ 1 እና 0። ሳንቲም ሁለቴ ወርውረሽ ሁሌ ዘውድ አይመጣልሽም፣ ይሄ ግን ሁሌ ይመጣል። ኢንተርፈረንስ እያሉ የሚያስፈራሩሽ ይቺን ማይነስ ነው፣ የ1996ቱ የግሮቨር አልጎሪዝም (የኳንተም ፍለጋ ዘዴ) ራሱ የተሳሳቱትን መልሶች የሚያዳክመው በሷ ነው።

የሚያስቸግርሽ ቴንሰር ፕሮዳክት ነው፣ የብዙ ኪውቢቶችን ቬክተር አባዝቶ አንድ ትልቅ ቬክተር የሚያደርገው። 2 ኪውቢት 4 ቁጥር፣ 3 ኪውቢት 8፣ 10 ሲሆን 1024፣ እኔም ተማሪ ሆኜ ቅደም ተከተሉን እያምታታሁ እዚህ ጋ ነው የወደቅኩት፣ ስለዚህ 2 ኪውቢቱን በእጅሽ እስኪሰለችሽ ስሪው።

ላፕቶፕሽ አሮጌ መሆኑ ችግር የለውም፣ ለጥቂት ኪውቢት ፓይተንና ነምፓይ (ማትሪክስ የሚያሰላው የፓይተን ላይብረሪ) ይበቃል።

አጎትሽ "ስራ የሌለው ነገር ነው፣ ወደ አካውንቲንግ ቀይሪ" ያሉት ግማሹ እውነት ነው፣ እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ኳንተም ብሎ ቫካንሲ የሚያወጣ መስሪያ ቤት አላየሁም። ግን ሶስት አመት ጥለሽ እንደ አዲስ ስትጀምሪ ወጪሽን ማን ይችላል? በአክብሮት እሳቸውኑ ጠይቂያቸው። እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣ ባንክ ዳታ ክፍል ያስገባኝ ይሄው ማትሪክስ ነው፣ ማሽን ለርኒንጉም ሲገለጥ ያው እሱ ነው።

ድሮፕ የሚዘጋበት ቀን ሳይደርስ ሀዳማርዱን ሁለቴ ሰርተሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከታች ዜሮ ካልመጣልሽ ማይነሷን ረስተሻታል ማለት ነው።