መልስ፦ ለባሕር አረም የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነውን?

ወንድሜ፣ «አሜሪካኖች አንድ የባሕር አረም ለማጥፋት ሚሊዮኖችን አወጡ፤ ይህ ብክነት አይደለምን?» ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም አይደለም! ብክነቱ ዘግይቶ ማውጣት ነው።

ካውለርፓ የተባለው ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ ዳርቻ ሲታይ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። ችላ ተባለና በሜዲትራኒያን ባሕር በሺህ የሚቆጠር ሄክታር ወረሰ። በ2000 በካሊፎርኒያ ሲገኝ ግን ጠላቂዎች በሳምንታት ውስጥ በፕላስቲክ ሸራ ሸፍነው ክሎሪን ለቀቁበት። ከቁራጭ ስለሚያቆጠቁጥ ነቅሎ መጣል አይቻልም፤ ውኃው ለዓመታት በጥንቃቄ ተፈተሸ። ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ፤ በ2006 መጥፋቱ ታወጀ።

እኛ ጅማዎች ባሕር የለንም፤ የግልገል ጊቤ ግድብ ግን ደጃችን ነው። እምቦጭ ጣናን ሲወር ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል፤ ያ ምስል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በእኔ እምነት ለግድቡ ቋሚ የጥበቃ በጀት ያስፈልገዋል፦ አንድ ጀልባ፣ አረሙን የሚለዩ ጥቂት ሠልጣኞች፣ ዳርቻውን በየወሩ የሚዞር ሰው። ዓሣ አጥማጆቹም ይሠልጥኑ፤ አዲስ ነገር ቀድሞ የሚያየው የእነርሱ ዓይን ነው።