«ቀንሺና ነይ» ለተባለችው እህት፦ ስለ ሊፔዴማ

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጅሽ ወዲህ ሁለቱም እግሮችሽ እንደወፈሩ፣ ሲነኩ እንደሚያምሽ፣ 11 ኪሎ ብትቀንሺም ፊትና ወገብሽ ብቻ እንደከሳ ጽፈሻል። ፍራንክፈርት ያለው ሐኪምሽ ደግሞ «ቀንሺ» ብሎ ሸኝቶሻል። በጽሑፍ ብቻ «ሊፔዴማ ነው» ማለት ባይቻልም ምልክቶቹ ወደዚያው ይጠቁማሉ። ሊፔዴማ በሁለቱም እግር (አንዳንዴም በክንድ) ላይ እኩል የሚከማች፣ የሚያም፣ ኪሎ ቢቀንሱም እምብዛም የማይከሳ የስብ ሕመም ነው።

ከቀጠሮው በፊት እግርሽን በደንብ እዪው። ሊፔዴማ ከቁርጭምጭሚት በታች አይወርድም፤ ስቡ ላስቲክ እንዳለው የሱሪ ጫፍ እዚያ ላይ ቁርጥ ይላል። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለውን ጣት ሥር ቆዳውን ቆንጥጠሽ አንሺው፤ አልነሳ ካለ ሊምፌዴማ (የሊምፍ ፈሳሽ ተጠራቅሞ የሚያመጣው እብጠት) ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪው። ቢነሳም ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። አገር ቤት ያሉት በስልክ «ዝሆኔ ነው» ካሉሽ፣ ዝሆኔ ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ሁለቱ እግሮችም ብዙ ጊዜ እኩል አያብጡም። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ከሞቀና ካመመሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ወገብሽን ለክተሽ ለቁመትሽ አካፍዪው። ወገብ 78፣ ቁመት 162 ቢሆን 0.48 ይመጣል። ከ0.5 በታች ከሆነ የሆድ ስብ ብዙ የለም ማለት ነው፤ ቢኤምአይ (ኪሎን ከቁመት ጋር ብቻ የሚያነጻጽረው ልኬት) ይህን አይለይም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመን ሐኪሞች የሊፔዴማ መመሪያም ይህን ልኬት እንጂ ቢኤምአይን ብቻ አትከተሉ ይላል።

ሐኪሙ ጋ ገብተሽ ስለ ኪሎ አትከራከሪ፤ የተሰጠሽ 10 ደቂቃ እዚያ ላይ ያልቃል። ከሕመሙ ጀምሪ፦ የት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከ10 ስንት። በመመሪያው ሕመም የሌለበት እግር ሊፔዴማ ስለማይባል «እግሬ አስጠላኝ» ካልሽ ነገሩ የውበት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። «ቀጭን ሴት ይህን ሕመም ይዛ ብትመጣ ምን ያዙላት ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ወደ ደም ሥር ሐኪም ኡበርቫይዙንግ (የሪፈር ወረቀት) ለምኚ፤ እምቢ ካለ እምቢታውንና ምክንያቱን ፋይልሽ ላይ እንዲጽፍ አድርጊ። አንዳንዶቹ እዚህ ላይ ወረቀቱን ይሰጣሉ። ክንድሽም ከወፈረ የደም ግፊትሽ በትልቁ የክንድ ማሰሪያ ይለካ፤ ጠባቡ የሌለ ግፊት ያሳያል።

ከተረጋገጠ መጀመሪያ የሚታዘዘው መጭመቂያ ካልሲ ነው። ፍላኽሽትሪክ የሚባለውን፣ ከኋላው ስፌት ያለውን ጠይቂ። ስፌት የሌለው ስሱ ከጉልበት ሥር ይጠቀለልና ቆዳውን ይቆርጣል፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ልኬቱ ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ይወሰድ። ካልሲው ሕመምን ያቀላል እንጂ ስቡን አያሟሽሽም። ውሃ የሚያስሸና ኪኒን ከታዘዘልሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ፤ የሊፔዴማ ስብ በሽንት አይወጣም።

ሬሴፕቱን (የሐኪም ማዘዣውን) ሁሉ ቀኑ እንዳለበት አስቀምጪ። ከ2025 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ወዲህ ክራንከንካሰ (የጀርመን የሕዝብ ጤና መድን) ለሁሉም የሊፔዴማ ደረጃ ስብ የማውጣት ኦፕራሲዮን በቅድመ ሁኔታ ይሸፍናል፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ 6 ወር በካልሲና በመሳሰለው ታክመሽ በቂ ለውጥ አለማግኘትሽ ነው።