ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ ሰው የለም

ሁለት የዩኤክስ (አፕና ድረ ገጽ ለተጠቃሚው እንዲመች አድርጎ የመንደፍ) ኮርስ ጨርሰሽ፣ አራት አፕ ዲዛይን አድርገሽ፣ ስድስት ወር አመልክተሽ ማንም አልጠራሽም። አሁን ተበድረሽ ሦስተኛ ኮርስ ልግባ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አትግቢ። ብድሩንም ተይው።

ከደብዳቤሽ ጋር በፖርትፎሊዮሽ (በሥራ ናሙናዎችሽ ስብስብ) የላክሻቸውን አራቱንም ሥራዎች አየሁ። ቀለሙም ፊደሉም ልክ ነው፤ ፊግማ (የዲዛይን መሥሪያው ፕሮግራም) ላይ እጅሽ ተፍታቷል። ግን አንድም ሰው አላነጋገርሽም። ፐርሶና (ተጠቃሚዎችን የምትወክል ሰው) ብለሽ ያስቀመጥሻት የ28 ዓመት ነጋዴ ከራስሽ ጭንቅላት የወጣች ናት። ፐርሶና የሚሠራው ከሰዎች ከሰማሽው ነው። ካልሰማሽ ልብ ወለድ ጽፈሻል፤ ቀጣሪም ይሄ አይጠፋውም።

ሦስቱን አውጫቸው። የቀረውን አፕ የሚሞክሩልሽ አምስት ሰዎች ፈልጊ። ለምን አምስት? የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. የጻፈው ስሌት አለ፦ አንድ ሰው በአማካይ ከአፑ ችግሮች 31 በመቶውን ካሳየሽ፣ አምስቱ ወደ 85 በመቶ ያደርሱሻል። (ብዙ ተከራክረውበታል፤ ለጀማሪ ግን ይበቃል።) እያንዳንዱን ለብቻው አስቀምጪው። "አፑን እስቲ እየው" አትበይ፤ "ትናንት ያዘዝከውን ዕቃ ሰርዝ" ብለሽ ሥራ ስጪው። የሚያስበውን ጮክ ብሎ ይናገር። አንቺ ዝም በይ። ከባዱ ይሄ ነው። ጣቱ የማይሆን ቦታ ሲፈልግ "እዚያ ጋ ነው" ማለት ያምርሻል፤ ቻል አድርጊው። "ወደድከው?" ብለሽም አትጠይቂ። ሰው ይሉኝታ አለው፣ አዎ ይልሻል። የት እንደተደናገረ፣ ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘ ጻፊ። አስተካክለሽ በሌሎች ሰዎች ድገሚው። ፖርትፎሊዮሽ ላይ ይሄ ይውጣ፤ የተበላሸው ስክሪን ሳይቀር።

ኮዲንግስ ልማር ወይ ካልሽ፣ የግድ አይደለም።

አባትሽ "ይሄ ሥዕል እንጂ ሥራ አይደለም" ማለታቸው አናዶሻል። ለጊዜው እውነታቸውን ነው። ነገር ግን "ሌላ ሥራ ከያዝሽ ዲዛይኑን እርሺው" ያሉትን አትስሚ። የደንበኞች አገልግሎት ሥራ ካገኘሽ ነገውኑ ግቢ፤ ደሞዙም ያስፈልግሻል። እኔ ሦስት ዓመት ስልክ አንስቻለሁ። "የይለፍ ቃሌን የት ነው የምቀይረው?" የሚለውን ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቂኝ። ለዲዛይነሮቹ ስነግራቸው "ሰዉ አያነብም" አሉኝ። እኔም የደዋዮቹን ጥያቄ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። ለመጀመሪያው የዩኤክስ ቃለ መጠይቅ ይዤ የገባሁት ያንን ደብተር ነው።