ለፈተና የሚያነብላችሁን ሰው ቀድማችሁ ልመዱት

ባሕር ዳር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያስተማርኩት ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሌሎች ጋር በሚማሩበት ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ 8ኛ ወይም 12ኛ ለምትፈተኑ፣ ብሬል ለምታነቡ፣ በምልክት ቋንቋ ለምትማሩ፣ ወረቀቱን ዓይናችሁ ሥር ለምታስጠጉ፣ እጃችሁ እርሳስ አጥብቆ ለማይዝላችሁ ልጆች ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ ከመካከላችሁ ነገ ፈታኝ የሚሆን አይጠፋም።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። 10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን ነው። ከጣና ደሴቶች ካንዱ መጥታ ዘመድ ቤት ተጠግታ ለምትማር ዓይነ ስውር ልጅ አንባቢ ሆኜ ተመደብኩ። በብሬል የተዘጋጀ ፈተና አልመጣላትም። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ፊደሉን ትነግረኛለች፣ እኔ መልስ መስጫው ላይ አጠቁራለሁ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የታሪኩ ፈተና በሰላም አለፈ። ባዮሎጂ ተፈትነን ስንወጣ ግን በረንዳው ላይ ቆም ብላ «ጋሼ፣ የተፈተንኩት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ስታስረዳኝ ነው። መልስ ነው ብዬ የገመትኩት ምርጫ ላይ ስደርስ ድምፄ ሳላውቀው ዝግ ይል ኖሯል። በታሪኩ ቀን ይህን አስተውላለች። በባዮሎጂው ቀን የራሷን እየተወች ድምፄን ተከተለች፤ ባዮሎጂ ደግሞ እኔ አላውቅም። ስንት ጥያቄ እንዳበላሸሁባት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስለዚህ ልጆች፣ አንባቢ ይመደብልኛል ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ማንበብ የሚችል ሁሉ ለፈተና ማንበብ አይችልም። አራቱን ምርጫ በአንድ ድምፅ የሚያነብ፣ ሳይጠየቅ የማያብራራ፣ «ሁለተኛውን ይድገሙልኝ» ሲባል የማይቆጣ ሰው ያስፈልጋችኋል። እንዲህ ያለው ሰው በልምምድ ነው የሚገኘው፤ እናንተም ማዘዝን የምትለምዱት በልምምድ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ጓደኛችሁን፣ እህታችሁን፣ የሰፈር ልጅ ያዙና አሮጌ የፈተና ወረቀት በሰዓት እያስነበባችሁ ሥሩ። እንግሊዝኛ ላይ ምንባቡን ሳይሆን ጥያቄዎቹን አስቀድመው እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ፤ ምንባቡ ሲነበብ ጆሯችሁ የሚፈልገውን ያውቃል። ሒሳብ ላይ «ኤክስ ሲደመር ሦስት ካሬ» ከተባለ ካሬው የሦስቱ ብቻ ነው ወይስ የሁለቱ? አንባቢያችሁ «ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ» እያለ እንዲያነብ ቀድማችሁ ተስማሙ። ለማስታወሻ የብሬል መጻፊያችሁን ይዛችሁ መግባት እንደምትችሉም በጊዜ አስፈቅዱ፤ ነገሩን አይቶት የማያውቅ ፈታኝ በር ላይ ሊነጥቃችሁ ይችላል።

ክፍሉንም አስቡበት። ፈተናው የሚውለው ሰኔና ሐምሌ ነው። የባሕር ዳርን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብ ያለው ሰው ድምፅ አይሰማም። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ንባቡ ይቁም በሉ፤ የቆመውም ደቂቃ ይመዝገብ። ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጣችሁ ደግሞ እንደ ትርፍ አትቁጠሩት። ሌላው ተማሪ በዓይኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያየውን እናንተ እንደገና ማስነበብ አለባችሁ። ጆሮም ይደክማል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲነበብልህ መስማት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ተማሪ ነው «ለእነሱማ ይነበብላቸዋል» እያለ የሚያጉረመርመው።

መስማት ለተሳናችሁ አንድ ነገር ብቻ፦ ፈታኙ ጀርባውን ሰጥቶ «10 ደቂቃ ቀራችሁ» ይላል፣ አዳራሹ ሁሉ ይሰማል፣ እናንተ ትቀራላችሁ። አስተርጓሚው ፊት ለፊት እንዲቆም፣ የቀረው ሰዓት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ ገና ሳይጀመር ጠይቁ።

በሥራዬ ብዙ ያታገለኝ ግን ይሉኝታ ነው። ፈጽሞ የማያይ ልጅ ችግሩን መደበቅ አይችልም፤ በከፊል የሚያይ ይደብቃል። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን ደብተር እየገለበጠ 12ኛ የደረሰ ልጅ አውቃለሁ። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ በትልቅ ፊደል የታተመ ወረቀት ሳይጠይቅ ቀረ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ቤት ዓይነ ስውሩ ደቀ መዝሙር ቅኔውን በቃሉ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል፤ ዓይናማውም እንዲሁ። በቃል መፈተንን ውለታ ያደረገው ወረቀት የለመደው የእኛ ትምህርት ቤት ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም እንደየጉዳታችሁ የሚያስፈልጋችሁ ማስተካከያ፣ እንዲደረግላችሁም ያዛል። ምዝገባው ላይ የሚያስፈልጋችሁን አስመዝግቡ፤ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ስጡ፤ ቅጂውንም ያዙ። ጠዋት ፈተናው በር ላይ የሚነሳ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «አሁን ምን እናድርግ?» ተብሎ ይቀራል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሚሰጥ ሌላ ሥራ ተጨምሯል። የማታውቁት ግቢ ውስጥ ታድራላችሁ። እንደገባችሁ ዕቃችሁን አስቀምጡና ሳይመሽ ከመኝታችሁ እስከ መፈተኛው፣ ከመፈተኛው እስከ መጸዳጃ ቤት በእግራችሁ ሂዱበት። የሚጥል በሽታ ወይም ስኳር ያለባችሁ መድኃኒታችሁን ለብቻው ያዙ፤ አብሯችሁ ለሚያድረውም ንገሩት።

ያቺን ልጅ ልጨርስላችሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለ12ኛ ፈተና አንባቢ ስትፈልግ እኔ ዘንድ መጣች። ገረመኝ፤ ያን ሁሉ አበላሽቼባት ለምን እኔን እንደመረጠች ጠየቅኋት። «የእርስዎን ጥፋት አውቀዋለሁ፣ የሌላውን አላውቅም» አለችኝ። ወር ሙሉ አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ተቀምጠን ጋዜጣና አሮጌ ፈተና አነበብኩላት። ድምፄ ትንሽ ሲለወጥ ጉልበቴን በጣቷ መታ ታደርገኝና «ጋሼ፣ አሁን ዝግ አሉ፤ ከላይ ይጀምሩት» ትለኛለች።