የእንጨት ሥራ ጥያቄና መልስ፦ የተሰነጠቀ በር፣ የደነዘ መሮ እና ሌሎችም

ጣውላው ጫፍ ላይ ምስማር ስመታ ይሰነጠቅብኛል የሚል አንባቢ አለ።

ከምስማሩ ቀጠን ባለ መብሻ ቀድመህ ብሳው።

ከዋንዛ የሠራው ቁምሳጥን በር በበጋ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆበት፣ ደንበኛው «እንጨቱ መጥፎ ነው» ያለው ወጣት አናጺ ደግሞ ስንጥቁን በምን ልሙላው ይላል።

አትሙላው፤ ዋንዛውም አልበደለም። ውስጠኛውን ጣውላ ዙሪያውን በኮላ አጣብቀህ ምስማር እንደጨመርክበት ራስህ ጽፈሃል። እንጨት በቁመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ በወርዱ ግን ክረምት ይሰፋል፣ በጋ ይጠባል። 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣውላ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ቢለዋወጥ አይግረምህ። ታስሮ መጥበብ ሲያቅተው መሃሉን ይከፍታል። ስንጥቁን በኮላና በብናኝ ብትደፍነው ደግሞ ክረምት ሲያብጥ መሄጃ ያጣል።

በሩን ፍታና ጣውላውን አውጥተህ በስንጥቁ ላይ በመላጊያ አቅናና እንደገና አጣብቅ። በፍሬሙ ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ አውጣ። በበጋ የምትገጥም ከሆነ በግራና በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ክፍት ተው፤ በክረምት ከሆነ 1 ይበቃል። ኮላ የሚገባው በፍሬሙ ማዕዘን ወንዴና ሴቴ (የሚሰካው ጫፍና የሚሰካበት ቀዳዳ) ላይ ብቻ ነው፤ የወንዴው ውፍረት ከፍሬሙ ውፍረት ሲሶ ይሁን። ቀለሙን ወይም ጎማላካውን (የሚያብረቀርቀውን የእንጨት ቅብ) ከመግጠምህ በፊት ቀባ፤ አለበለዚያ ጣውላው ሲጠብ ያልተቀባ ነጭ መስመር ይወጣል። ጣውላ ስትገዛም ድርቀቱን ጠይቅ፦ በጥላ ሥር፣ በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ተደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ነጋዴው «ደርቋል» ስላለ አይደርቅም።

ሌላው፣ ጌታው መሮ ከማሳል ሌላ ሥራ ስላልሰጠው ልልቀቅ ወይ ይላል።

አትልቀቅ፣ ገና ሁለት ወርህ ነው። የመሮው ስለት 25 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ጀማሪ የሚስተው ግን ጀርባውን ነው። ጀርባው ካልተስተካከለ ስለቱ በደንብ አይሳልም። የዝግባ ጫፍ ስትልጥ እንጨቱ ከተፈረፈረ መሮው ገና አልተሳለም። በዓመቱም መሮ ብቻ ከሆነ ያን ጊዜ ሌላ ቤት ፈልግ።

ጎማላካ በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ትኩስ ጀበና ነጭ ክብ ትቶባቸዋል አንዲት እናት።

ጎማላካ ሙቀት አይችልም፤ እንደገና በስሱ ይቀባ። ለጀበና ማቶት ያስቀምጡ።

መጋዝ ማሽኑ ሲነሳ ፊውዝ እያቃጠለበት የተቸገረውስ?

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥራ።

በመጨረሻ፣ ማሽን ቤት ውስጥ ውሎ አፍንጫው የሚደማና ማታ የሚያስለው፣ ወተት ይረዳል ወይ ብሎ ጠይቋል።

ወተት አይረዳም! የእንጨት ብናኝ የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። ወለሉን በደረቁ አትጥረግ፣ ብናኙን በአየር አትንፋ፣ ማስክ ሳታደርግ አትላግ፤ ነጠላ ጨርቅ ማስክ አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ሥራህ ምን እንደሆነም ንገረው። መድማቱ ቢቆምም ሂድ።