ሮያል ጄሊ ለፊትና ለፀጉር፦ እኔ ላይ የሠራውና ያልሠራው

ሰላም እህቴ፤ ንቦች ለእጮቻቸው የሚያመነጩትን ሮያል ጄሊ ፊትሽን ልትቀቢ፣ ከወለድሽ ወዲህ ለሚነቃቀለው ፀጉርሽም ልትሞክሪው እንዳሰብሽ ጽፈሻል። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ «ልጅ ሆኜ አስም ነበረብኝ» ያልሽውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ሮያል ጄሊ ውጦ ትንፋሹ የተዘጋበት፣ የሞተበትም ጊዜ አለ። የሚዋጠውን ካፕሱል እርሺው። የሚቀባውም ቢሆን ቆዳ ያስቆጣልና መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።

እኔ የጀመርኩት ሁለተኛ ልጄን ወልጄ በአራተኛው ወር ነው። ማበጠሪያዬን ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ነበር። ጓደኛዬ ምንም ያልተቀላቀለበትን ሰጠችኝ፤ ነጣ ያለ፣ እርጎ የሚመስል፣ ሲቀምሱት የሚኮመጥጥ ነገር ነው። ወጣት ሠራተኛ ንቦች ከራሳቸው ዕጢ አመንጭተው እጮቹን ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ገደማ ይመግቡታል፤ ንግሥት የምትሆነዋ ግን ከእሱ ሌላ አታውቅም። ሻጮቹ «ንግሥቷን ዓመታት የሚያኖራት እሱ ነው» እያሉ የሚያባብሉን ለዚህ ነው። ንግሥቷ ትበላዋለች እንጂ ፊቷን አትቀባውም!

በሳምንት ሁለት ጊዜ የራስ ቆዳዬን ቀባሁ። በሁለት ወር ውስጥ መነቃቀሉ ቀነሰ፤ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። በኋላ ለሌላ ጉዳይ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄጄ ይህንኑ ስነግራት ፈገግ አለችና «የመጀመሪያውን ስትወልጂስ?» አለችኝ። ያኔም ረግፎ ነበር፤ ያኔም ምንም ሳልቀባ ተመልሷል። ረስቼዋለሁ! በእርግዝና ሳይረግፍ የቆየው ፀጉር ከወሊድ በኋላ ከ2 እስከ 4 ወር ገደማ ላይ ባንዴ ይለቃል፤ አብዛኞቻችን ላይ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ራሱ ይመለሳል። ጊዜ የሠራውን ለሮያል ጄሊ ሰጥቼው ኖሯል። ዓመት ካለፈው ወይም ቦታ ለይቶ ከመለጠ የደም ብረትሽንና ታይሮይድሽን (የአንገት ዕጢሽን) ተመርመሪ።

ፊት ላይ ግን ወድጄዋለሁ። ከ60 እስከ 70 በመቶው ውሃ ነው፤ የቀረው ፕሮቲን፣ ስኳርና ቅባት። ስኳሩ እርጥበት ይይዛል መሰለኝ፣ ጠዋት ፊቴ ለስለስ ይላል። ቴን ኤችዲኤ የሚባለው ቅባቱ በላቦራቶሪ ሕዋሳት ላይ ኮላጅን ሲጨምር ታይቷል፤ ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ግን ፊት አይደለም። ማድያቴን ንክች አላደረገውም። እሱን ያደበዘዘልኝ የፀሐይ መከላከያ ነው።

ሐኪምሽ ከፈቀደችልሽ፣ ከማር ጋር አትቀላቅዪው፤ ፊትሽ ቢቀላ የትኛው እንዳስቆጣሽ አታውቂም። ትንሽ ከክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ካላሳከከሽ የምስር ፍሬ የምታህል ወስደሽ ሽታ ከሌለው ክሬም ጋር መዳፍሽ ላይ አዋህደሽ፣ ማታ ገና እርጥብ ባለ ፊት ላይ ቀቢ። አሲድነት ስላለው በፈረጠ ብጉር ላይ ያቃጥላል፤ ሎሚ የሚጨምሩበት ሰዎች ምን እንደነካቸው አላውቅም።

ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። እኔ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ረስቼው ጠቁሮ፣ ሽታው ተቀይሮ አገኘሁት፤ መጣሉ አሳዝኖኝ ቀባሁትና ሦስት ቀን ቲማቲም መስዬ ከረምኩ። የተዘጋጀ ክሬም የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩን አንብቢ፤ ሮያል ጄሊ ከሽቶው በኋላ ጭራ ላይ ከተጻፈ የምትከፍይው ለስሙ ነው።