መልስ፦ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ከእናት ጋር ማደር ይቻላል?

ይቻላል። ማታ ደርሳችሁ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ መገኘት ካለባችሁ፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ያለበት መርካቶ ማደሩ ያዋጣችኋል። መጀመሪያ ግን መነሻችሁን አረጋግጪ። መኪናችሁ ከቃሊቲ፣ ከላምበረት ወይም ከአየር ጤና የሚነሳ ከሆነ እዚያው አካባቢ አልጋ ፈልጉ።

ከመክፈልሽ በፊት ክፍሉን ግቢና እዪ። በሩን ከውስጥ ቀርቅረሽ ሳብ አድርጊው። መቀርቀሪያው በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ ከሆነ ሌላ ክፍል ጠይቂ። መስኮቱ ወደ ኮሪደር የሚከፈት ከሆነ ስልክሽን አጠገቡ ቻርጅ ላይ አትተዪ። ከሥሩ መጠጥ ቤት ያለበትን ፔንሲዮን ደግሞ እለፊው፤ እናትሽ እንቅልፍ አያገኙም። ሻንጣ ላግዝ እያለ የሚከተል ደላላ አልጋ እንዲያሳያችሁ አትፍቀዱ፤ ኮሚሽኑ ዋጋው ላይ ይጨመራል።

እዚያ ሳድር ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው የሚዘረፈው ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን፣ ሌሊት ከአልጋው ወጥቶ መናኸሪያው በር እስኪደርስ ባለችው አጭር መንገድ ነው። ጨለማ ነው፤ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ይጣደፋል። ስለዚህ ዘበኛውን ማታውኑ አናግሪው። ትንሽ ጉርሻ ከሰጠሽው እስከ በሩ ይሸኛችኋል። ብሩና መታወቂያው እናትሽ መቀነት ውስጥ ይሁን፤ በእጅ ቦርሳ በጭራሽ እንዳትይዙት።